ወንድ ልጅ ያልነበረው ሴናተር

ቅዳሜ ጠዋት ሁለት ሰዓት ተኩል ላይ ጄኔቭ ካለው የኮርናቫን ጣቢያ የዙሪክን ባቡር ያዝኩ። የምሄደው ሰናይትን ለመስማት ነው። አዲስ አበባ ታሪክ ስናጠና አንድ ክፍል ነበርን፤ የተሻለ ውጤት የማመጣውም እኔ ነበርኩ። ከዘጠና ሰባቱ ምርጫ በኋላ እኔ ትምህርቴን አቋርጬ ተሰደድኩ። እሷ ጨርሳ፣ ስኮላርሺፕ አግኝታ ዙሪክ ገባች። አሁን በአንድ የጥንት ሮም ሴናተር ሹመትና ቤተሰብ ላይ ዶክትሬቷን ትሠራለች። እኔ ጄኔቭ አጠገብ ላንሲ ውስጥ አዛውንቶች በሚጦሩበት ቤት ልብስ አጥባለሁ።

«ሰኞ ለፕሮፌሰሮቹ አቀርባለሁ። ቅዳሜ ለእኛ ሰዎች በአማርኛ ልሞክረው ነው፤ እባክሽ ነይ» ብላ ደወለችልኝ። እሺ ያልኩት ወድጄ ሳይሆን፣ ብቀር መቅናቴ ይታወቃል ብዬ ነው።

በግማሽ ዋጋ ካርዴ እንኳ ቲኬቱ ከአርባ ፍራንክ በላይ ነው። እስከ ሎዛን ሐይቁ በቀኝ በኩል አብሮን ይሄዳል። በመንገድ ካለፍናቸው ትንንሽ ከተሞች በአንዷ፣ ሙዚየም ውስጥ፣ የሴናተሩ ስምና ሹመት የተቀረጸበት ድንጋይ አለ። ባለፈው መከር በዕረፍቴ ቀን፣ ለማንም ሳልናገር ሄጄ አይቼዋለሁ። ጽሑፉን ገልብጬ፣ በተዋስኩት የላቲን መዝገበ ቃላት ለሳምንታት ስፈታው ከረምኩ። ለምን እንደሆነ ለራሴም አልነገርኩም።

ዙሪክ፣ ከሰዓት በኋላ

ላንግሽትራሰ ከሚባለው ጎዳና ጀርባ፣ እሁድ እሁድ ጸሎት የሚደረግበት አዳራሽ ውስጥ አርባ የምንሆን ሰዎች ተቀመጥን። ሰናይት ግራጫ ኮት ለብሳ ስትወጣ ያምርባት ነበር። እሱም አናደደኝ።

«መጀመሪያ የግምጃ ቤት ሹም ሆነ፤ ቀጥሎ ዳኛ፤ ቀጥሎ የሹመት ሁሉ ቁንጮ የሆነው ቆንስል። ከዚያ ሻለቃ፣ ከዚያም እንደገና የግምጃ ቤት ሹም» አለች። «ሚስቱና ሁለት ሴቶች ልጆቹ ተጽፈዋል። ወንድ ልጅ ግን አልነበረውም።»

ትራም የሚነዳ አንድ ጎልማሳ እጁን አወጣ። «ይቅርታ እህቴ፣ ቆንስል የሆነ ሰው ተመልሶ ሻለቃ ይሆናል እንዴ?»

«ንጉሠ ነገሥቱ ተቆጥቶት ይሆናል» ስትል ሰው ሁሉ ሳቀ።

እኔ አልሳቅሁም። ወንድ ልጅ ነበረው። የአባቱን ስም የወረሰ ልጅ፤ የኋለኞቹ ሹመቶችም የእሱ ናቸው። «ልጅ» የሚለው ምልክት ተፍቆ ስለደበዘዘ ፎቶ ላይ አይታይም፤ ድንጋዩ አጠገብ አጎንብሶ ላየው ግን ይነበባል። ሰናይት ሁለት ሰዎችን አንድ አድርጋ ነበር የምታወራው። ፕሮፌሰሮቹ ሰኞ ሲደርሱባት በዓይነ ኅሊናዬ አየሁና ሰውነቴ በደስታ ሞቀ።

በኋላ እዚያው ሰፈር ካለ የሐበሻ ምግብ ቤት ጥብስ ጋበዘችኝ። ጥሩውን ሥጋ እየመረጠች ወደ እኔ ትገፋዋለች።

«እውነቱን ንገሪኝ። ከክፍላችን አንቺን ነበር የምፈራው። የጎደለ ነገር አለ?»

«ምንም የለም፤ ግሩም ነው።»

እፎይ ብላ አቀፈችኝ። ኮቷ ሽቶ ሽቶ ይላል።

ወደ ጄኔቭ

ባቡሩ ውስጥ ደስታዬ እስከ በርን ከተማ እንኳ አላደረሰኝም። ሹመቶቹን ስትቆጥር የነበረው ድምጿ ጆሮዬ ውስጥ ነበር። ፍሪቡርግን ስናልፍ ደወልኩላት።

«ሰኒ፣ አባትና ልጅ ናቸው። ሁለት ሰዎች።» ያየሁትን ሁሉ ነገርኳት።

«እኔ እኮ የሠራሁት ከፎቶው ነው» አለች። ቀጥላም፣ «ጥብሱን ስንበላ ታውቂው ነበር?»

«አዎ።»

«ታዲያ ስጠይቅሽ ለምን ዋሸሽኝ?»

«ቀናሁብሽ።»

ቃሉን በአፌ ስለው የመጀመሪያዬ ነው። ፊት ለፊቴ የተቀመጡት ሴትዮ አማርኛ ባይሰሙም ቀና ብለው አዩኝ።

«አመሰግናለሁ» ብላ ዘጋችው። ቁጣዋ ቀዝቃዛ ነበር።

ጄኔቭ፣ ሰርቬት ሰፈር ያለው ቤቴ ስገባ ምሽት አንድ ሰዓት ሆኗል። እውነቱን ከተናገርኩ ቅናቱ ይለቀኛል ብዬ ነበር፤ አለቀቀኝም። ይህ ጉዞ ያስተማረኝ ቢኖር ቅናት እስኪለቅ መጠበቅ እንደማያስፈልግ ነው፤ እሱ ውስጤ ተቀምጦም ስልኩን አንስቼ መደወል ችያለሁ።

ሰኞ ማታ መልእክት ላከች፦ «አባትና ልጁን ለይቼ አቀረብኩ፤ አለፍኩ። ግን አሁንም ተቀይሜሻለሁ።»

ሳነበው መጀመሪያ የተሰማኝ ያው ቅናት ነበር። ደስታው ዘግይቶ መጣ። ግን መጣ።