በመረሬው ሜዳ ላይ ያላልኩት ቃል

ተቀመጡ፤ ኤክስካቫተሩ እስኪመጣ ድረስ ሥራ የለም። አቤል፣ አንተም ቀረብ በል፤ ዛሬ የማወራው በተለይ ላንተ ነው። አባትህ ንጉሤ እግሩ እንዴት እንደተሰበረ ሺህ ጊዜ ነግሮሃል። በእሱ አፍ እኔ ጀግና ነኝ። አባትህ ያየውን ነው የሚያወራው፣ አይዋሽም። ያላየውን የማውቀው ግን እኔ ብቻ ነኝ። ሃያ ዓመት ይዤው ዞርኩ፤ ከዚህ በላይ ሆዴ አልችል አለ።

የግንቦት መጨረሻ ነበር። ያኔ ለቡ እንዲህ ፎቅ በፎቅ አልነበረም። ከዚህ እስከ ፉሪ ተራራ ግርጌ ድረስ ግጦሽ፣ የጤፍና የሽምብራ ማሳ ብቻ ነበር፤ ጀሞም የሚኬደው ሜዳ ለሜዳ በእግር ነው። አፈሩ ያው ይህ እየዛቃችሁ የምትደፉት ጥቁር መረሬ ነው። ኢንጂነሩ ባለፈው ሰሞን «ጋሼ፣ ይህ ጥቁሩ ድንጋይ ሲበሰብስ የሚወጣ አፈር ነው፤ ድንጋዩም ድሮ ከተራራው ቀልጦ የፈሰሰ እሳት ነው» አለኝ። ባይነግረኝም ጠባዩ ያስታውቃል። በበጋ ደርቆ ይሰነጠቃል። አንዳንዱ ስንጥቅ ስንዝር ይሰፋል፤ ዱላ ብትሰድበት ታቹን አታገኘውም። በክረምት ያብጥና ይገጥማል፤ ጫማህን ይዞ ያስቀርብሃል። የሚከፋው ግን የመካከሉ ጊዜ፣ የመጀመሪያው ዝናብ ነው። ውሃው ብናኙንና የደረቀውን ሣር ጠርጎ የስንጥቁን አፍ ስስ ሽፋን ያለብሰዋል። ላዩን ስታየው ደህና መሬት ነው፣ ታቹ ባዶ። ስንት በሬ እግሩን ተሰብሮበት አርደናል።

ስለዚህ የአገሩ ሰው ደንብ ነበረው። በመጀመሪያው ዝናብ መረሬ ላይ የሚኬደው ከብት የደለደለውን መንገድ ይዞ፣ አንዱ ከአንዱ ኋላ ነው። መሬቱን የሚያውቀው ይመራል። የሚያጠራጥር ቦታ ሲደርስ «ስንጥቅ» ይላል፤ ተከታዩም ተቀብሎ ወደ ኋላ ያስተላልፋል። ከኋላህ ያለው ደመኛህ ቢሆንም ትላለህ። ይህን ከብት ስጠብቅ ነው የተማርኩት።

አባትህ ከቀይ አፈር አገር ነው የመጣው። ቀይ አፈር እንዲህ ያለ ተንኮል አያውቅም። እዚህ ከገባ ሁለት ዓመቱ ነበር፤ የሽምብራ ማሳው ከእኔ ግጦሽ ጋር ይዋሰን ነበር። በጥር፣ ሽምብራው ሊነቀል ቀናት ሲቀሩት፣ ማሳው ተገለባብጦ አደረ። «ከብቶችህ ናቸው» አለኝ። አይደሉም ብል አልሰማ አለ። ሽማግሌ ፊት አቆመኝ፤ ልጆቼ እያዩ ወንጌል አስይዞ አስማለኝ። ማልኩ። ከዚያ ወዲያ ሰላምታም ቀረ። ጠላሁት፣ አቤል። ሲሄድ ኮቴውን ስሰማ ጥርሴን አፋጭ ነበር።

በግንቦት የኦቦ ገመዳን ምራት ኩበት ስትለቅም አንድ ትልቅ ከርከሮ ጭኗን ቀደዳት። ኦቦ ገመዳ ሽማግሌ አዳኝ ነበር፣ ነፍሱን ይማረው። ሁለት ውሾች ነበሩት። እኔንና አባትህን አስጠራና «እናንተ ሁለታችሁ ጎበዝ ጦር ወርዋሪ ናችሁ፤ ጸባችሁን ቤታችሁ ትታችሁ ኑ» አለን። ቂም ይዞ ጸሎት፣ ሳል ይዞ ስርቆት ይባላል፤ ቂም ይዞ አደንም ያው ነው። ግን እንቢ ብል ፈራ ይሉኛል ብዬ ሄድኩ።

ሌሊቱን ዘንቦ ነበር፤ ያ የክረምቱ የመጀመሪያ ዝናብ ነው። ጠዋት አንድ ሰዓት ግድም ወጣን። ጠመንጃ የለም፤ ከተማ ዳር መተኮስ ክልክል ነው። ሦስት ጦር፣ የኦቦ ገመዳ ገጀራና አንድ ጥቅል ገመድ ብቻ ነው የያዝነው። እኔና ኦቦ ገመዳ ጫማችንን አውልቀናል። አባትህ አዲስ የፕላስቲክ ቦት ተጫምቶ መጣ፤ ሃምሳ እርምጃ ሳይሄድ በእያንዳንዱ እግሩ የድስት ያህል ጭቃ ይጎትት ጀመር። ሳቅኩበት፣ በሆዴ።

መጀመሪያ የሄድነው ወደ ራሱ ወደ ሽምብራው ማሳ ነው። በጥር እርጥብ ሳለ የተረገጠው ዱካ እንደ ሸክላ ደርቆ እስከ ግንቦት ቆይቶ ነበር። ሣሩን ገለጥ አድርጎ ኦቦ ገመዳ ጣቱን ከተተበት። «ይህ የላም ነው? ይኸውላችሁ የሽምብራው ሌባ» አለ። የከርከሮ ዱካ ነው፣ ቁልጭ ያለ። አባትህን አየሁት። እሱ ፉሪን ያያል። እኔ ወንጌል ይዤ የማልኩት ለከርከሮ ኃጢአት ነው፤ እሱ ግን ተራራ ያያል። ያኔ ደሜ ፈላ።

አዲሱን ዱካ ወንዙ ዳር አገኘነው። ጠርዙ ገና ያብረቀርቃል፣ ውሃም አልቋጠረም፤ ዝናቡ ካባራ በኋላ ያለፈ ነው። ጎርፍ ወደ ቆፈረው ቦረቦር ይወስዳል። ኦቦ ገመዳ ቆመና «በኛ ደንብ ገዳይ ተብሎ የሚከበረው መጀመሪያ ደም ያወጣ ነው። ከርከሮም ቢሆን ደንብ ደንብ ነው» አለን። ከዚያ ውሾቹን ይዞ በወንዙ በኩል ዞረ። እኔ በከብቱ መንገድ መራሁ፣ አባትህ ከኋላዬ። «ስንጥቅ» እላለሁ፤ እሱም እያጉረመረመ «ስንጥቅ» ይላል። የሚቀበለው ሰው ከኋላው የለም፤ ግን ደንቡን ጠብቆ ይላል።

ውሾቹ ጮኹ። ከርከሮው ከቦረቦሩ ግድግዳ ከተቦረቦረው ጉድጓድ ወጥቶ ጀርባውን ለአፈሩ ሰጥቶ ቆሟል። ጋማው ቆሟል፣ ክራንቻው የማጭድ ያህል ነው። ከእኛ ሰማንያ እርምጃ ቢሆን ነው። የከብቱ መንገድ በግራ ዞሮ ነው የሚደርሰው፤ ቀጥታው ደግሞ በግጦሹ ላይ ነው። አረንጓዴ ቡቃያ የጀመረ ለጥ ያለ ሜዳ። እኔ ያንን ሜዳ አውቀዋለሁ። ከአንድ ወር በፊት ጥጃዬን ከስንጥቁ ውስጥ በገመድ አውጥቻለሁ።

አባትህ ወደ ሜዳው አየና ወደ እኔ ዞረ። «በዚህ ያስኬዳል?» አለኝ። በጥር ከተጣላን ወዲህ መጀመሪያ የጠየቀኝ ጥያቄ ነው።

አልመለስኩለትም። ጦሬን ከቀኝ ወደ ግራ እጄ አዛወርኩና ውሾቹን ማየት ጀመርኩ። ዝምታ ወርቅ ነው ይላሉ። የሚሉት እንዲህ ያለ ዝም ብለው ስለማያውቁ ነው።

ሮጠ። ሠላሳ እርምጃ ያህል ደህና ሄደ። ከዚያ ቀኝ እግሩ እስከ ጭኑ ገባና ሰውነቱ ወደ ፊት ወደቀ፤ አጥንቱ ሲሰበር ካለሁበት ሰማሁት። ጦሩ ከእጁ ተፈናጥሮ ራቀ። ከርከሮው አንዱን ውሻ ሆዱን ቀዶ ጣለና ዞረ። ሜዳው ላይ የሚንቀሳቀሰው አባትህ ብቻ ነው። ጅራቱን ሽቅብ አቁሞ መጣበት።

አባትህ ወደ ከርከሮው ሳይሆን ወደ እኔ ነው ያየው። «ወንድሜ፣ ድረስልኝ» አለ።

አሁን ስሙ። እኔ ያን ጊዜ በሆዴ «ይበለው» አልኩ። ሦስት ትንፋሽ ያህል ቆምኩ። አልፈራሁም፤ ፈርቶ ነው ብትሉኝ ደስ ባለኝ። ይበለው ብዬ ነው የቆምኩት። እናትህ አንተን አርግዛ እንደነበር አውቃለሁ፣ የዚያኑ ዕለት ጠዋት በሩ ላይ አይቻታለሁ፤ እሱም አልገፋኝም። የገፋኝ የአባትህ ጩኸት ነው። ከርከሮው ክንዱን ሲቀደው ጮኸ፣ እንደ ሕፃን።

ከዚያ የሣሩን ጉቶ ጉቶ እየረገጥኩ ሮጥኩ። ሁለት ጊዜ እስከ ጉልበቴ ገባሁ፣ ወጣሁ። ከርከሮው ሁለተኛ ሊመታው አንገቱን ዝቅ ሲያደርግ ጦሬን ከትከሻው ኋላ ሰደድኩበት። ዘንጉ ተሰበረ። አውሬው ጦሩን ይዞ ዞረና ደረቴን መትቶ ጣለኝ፤ ጭቃና ደም የተቀላቀለ ትንፋሹ ፊቴ ላይ ነበር። ግማሹን ዘንግ ጉሮሮው ውስጥ ተክዬ በሁለት እጄ ገፍቼ ያዝኩት። ኦቦ ገመዳ በገጀራ ደርሶ እስኪጨርሰው ድረስ ምን ያህል እንደቆየ አላውቅም። ይኸው፣ ጎድኔ ላይ ያለው ጠባሳ የዚያ ነው።

የአባትህን እግር ከመሬቱ ለማውጣት ከርከሮውን ከመግደል በላይ ፈጀብን። ያ አፈር የያዘውን አይለቅም። በጦር ጫፍና በጥፍራችን እየቆፈርን፣ እሱ እያቃሰተ፣ ቦቱን እዚያው ቀብረን አወጣነው። ሰው ደርሶልን በቃሬዛ ተፈራርቀን ተሸክመን ሐኪም ወዳለበት መካኒሳ ሄድን። መንገዱን ሙሉ እጄን ይዞኝ ነበር። ልስበው ሞከርኩ፤ አልለቀቀኝም።

በነሐሴ በክራንች እድር መጣና ሁሉ ፊት ቆመ። «ይህን ሰው በሐሰት ከስሼ አስምዬዋለሁ። እሱ ግን ነፍሴን አዳነ። ይቅር ይበለኝ» አለ። ሰው አለቀሰ። እኔም «እግዚአብሔር ይቅር ይበልህ» አልኩት። የተበደልኩ እኔ ብቻ የሆንኩ ይመስል ይቅርታ ሰጠሁት።

ከዚያ አንተን ክርስትና አንሳልኝ አለኝ። እንዴት እንቢ ልበል? በአርባ ቀንህ ታቅፌህ ቆምኩ። ቄሱ ሰይጣንን ትክዳለህ ወይ ሲሉኝ ባንተ ፈንታ «እክዳለሁ» አልኩ። አንድ እርምጃ ወደ ኋላ አፈገፈግኩ፤ አባትህ የከርከሮው ቁስል ነው ብሎ ደገፈኝ።

ከዚያ በኋላ አድኜ አላውቅም። ሰው መንገድ ሲጠይቀኝ፣ የማላውቀውም የምጠላውም ቢሆን፣ ተነስቼ እስከ መታጠፊያው እሸኘዋለሁ። የሰፈር ልጆች ጋሼ ጃጀ ይላሉ። ይበሉ። ከዚያ ሜዳ ይዤ የተመለስኩት ይህን ብቻ ነው፤ እሱም የአባትህን እግር አያቃናም።

ባለፈው ሳምንት አባትህ ያ እግር ሊቆረጥ እንደሚችል ሐኪም ነገረኝ ብሎ አጫወተኝ። ከዚያ ምን አለ መሰለህ? «ግድ የለም፣ ያን ቀን ባትደርስልኝ ይህን ሁሉ ዓመት መች አገኘው ነበር» አለኝ። ሌሊቱን ሙሉ አልተኛሁም።

ዛሬ ከሥራ ስንወጣ እናንተ ቤት እመጣለሁ። እኔው ራሴ እነግረዋለሁ፤ አንተ እንዳትቀድመኝ። አሁን የነገርኩህ ግን ከእሱ አፍ ከመስማትህ በፊት ከእኔ እንድትሰማው ብዬ ነው። ይቅር ካላለኝ እውነቱን ነው። የክርስትና አባቴ ብለህ መጥራትህንም ከነገ ጀምሮ አንተው ወስን።