ደምበል በአንድ ፔዳል

ስሙኝማ። ቁጭ በሉና ስሙኝ፣ ስልካችሁን እየነካካችሁ አይደለም። በገዛ እጄ የሠራሁትን ብስክሌት ይዤ ከጅግጅጋ ደምበል ሄጃለሁ። ብዙ ሰው «በመኪና ሁለት ሦስት ሰዓት ነው፣ ምኑ ይወራል?» ይለኛል። ይወራል። እንዴት እንደሄድኩ ስትሰሙ ታውቁታላችሁ።

ንጋት፣ ጅግጅጋ

ከቤት ስወጣ የመስጊዱ አዛን ገና ማለቁ ነው። መንገዱ ባዶ ነው፣ ፍየሎቹ ካርቶን እየበሉ ነው፣ አንድ ባጃጅ ሹፌር መቀመጫው ላይ ተጠቅልሎ ተኝቷል። ብስክሌቴን በእጄ እየገፋሁ አስፋልት ላይ አወጣሁት። ሰማያዊ ነው። ያብረቀርቃል። ያ ማብረቅረቅ በኋላ ምን እንዳመጣብኝ ትሰማላችሁ።

እኔ መናኸሪያ ጭነት አወርዳለሁ። ከዘጠነኛ ክፍል ወጥቼ እዛው ቀረሁ። ሰው ድሬ ይሄዳል፣ አይሻ ይሄዳል፣ ሻንጣውን የምሰቅለው እኔ ነኝ። ራሴ ግን ድንበር ላይ ካለችው ውጫሌ በቀር የትም ሄጄ አላውቅም። ውጫሌም ቢሆን ለጭነት ነው። ይሄ ነገር እያደር ያንገበግበኝ ጀመር። ሰው እንዴት ዕድሜውን ሙሉ የሌላውን መንገድ ሲጭን ይኖራል?

አንድ ቀን አንድ ፈረንጅ በብስክሌት መናኸሪያ መጣ። ፊቱ እንደ ቲማቲም ቀልቷል። ፊቱን ተዉት፣ እኔ ዓይኔ ብስክሌቱ ላይ ነው። ከኋላ ሁለት ቦርሳ ተንጠልጥሏል፣ ውሃው አለ፣ ድንኳኑ አለ፣ ቤቱን ይዞ ነው የሚዞረው። እንግሊዝኛ በሚችል ልጅ አስጠየቅኩት። «ምኑ ነው ዋናው ነገር?» አልኩት። «አጥንቱ ብረት ይሁን፤ ብረት ቢሰበር በየከተማው በያጅ አለ። ሌላው ሁሉ ይለቃቀማል» አለ። ፖሊስ እየመራ በደምበል መንገድ ከከተማ አስወጣው። በሰላምታ! እኔም ያን ቀን ወሰንኩ፣ እለቃቅማለሁ።

ውጫሌ፣ አምና

ስለ አሠራሩ ሳልነግራችሁ ጉዞው አይገባችሁም። በአጭሩ ልንገራችሁ።

ዕቃው ያለው ውጫሌ ነው፣ ድንበሩ ላይ። ከወዲያ ማዶ በመኪና የሚመጣ ልባሽ ብስክሌት ተራራ ያክላል። ሙሉውን ገዝተህ ብትመጣ ግን ኬላ ላይ ኮንትሮባንድ ተብሎ ይወሰዳል። ብልሃቱን ያስተማረችኝ ኤዶ ሂንዳ ናት። ኤዶ ማለት አክስቴ እንደማለት ነው፣ እዚህ ትልቅ ሴት ሁሉ ኤዶ ናት። በሳምንት ሁለቴ ውጫሌ ትመላለሳለች፣ ጨርቅ፣ ጫማ፣ ዱቄት ወተት። ጭነቷን የማወርደው እኔ ስለሆንኩ ትወደኛለች፣ ትሰድበኛለችም።

«ሙሉ ዕቃ ዓይን ይስባል፣ በትነው» አለችኝ። «ዛሬ ጎማ፣ ሌላ ቀን ካቴና። አንድ ጎማ የያዘን ሰው ማን ይጠይቀዋል?»

እንደዛ ሆነ። ቴላዮው፣ ማለት ዋናው አጥንቱ፣ ከብረታ ብረት ክምር ውስጥ በሽንኩርት ዋጋ ተገኘ። ጠማማ ነበር፣ በያጁ በእሳት አቀናው። የኋላው ጎማ መጣ፣ ከወር በኋላ የፊቱ መጣ፣ ግን የፊቱ ትንሽ አነሰ። ስለዚህ ብስክሌቴ ቆሞም ቁልቁለት የሚወርድ ይመስላል። ካምቢዮው አምስት ማርሽ አለው፣ የሚሠራው ሦስቱ ነው፣ እኔም ሦስት ይበቃኛል። መቀመጫው አንድ ሆቴል ከጣለው የስፖርት ማሽን ላይ የተፈታ ነው። የፍሬኑን ላስቲክ ከአይሱዙ ጎማ በቢላ ቆርጬ አወጣሁት። የኋላ መጫኛውን በያጁ ከፌሮ አጠፈልኝ፤ «ልበይደው?» ሲለኝ «አይ፣ በቡሎን እሰረው፣ አንድ ቀን ልፈታው እችላለሁ» አልኩት። ያን ያናገረኝ አላህ ነው በሉት እግዜር፣ እንደየሃይማኖታችሁ። ቦርሳ ደግሞ መግዛት አያስፈልግም። የዘይት ጀሪካን፣ ቢጫው፣ አናቱን ቆርጣችሁ፣ በላስቲክ ከድናችሁ፣ በሽቦ አንጠልጥሉት። ዝናብ አያስገባ፣ አቧራ አያስገባ። የፈረንጁ ቦርሳ ከዚህ ምን ይበልጣል?

ከዚያ ቀለም ቀባሁት። ከሰው በር የተረፈ ሰማያዊ ቀለም ነበረ። ኤዶ ሂንዳ አይታው ጮኸች።

«ዋርያ፣ አንተ! ምን ሙሽራ አስመሰልከው?»

«አያምርም?»

«ማማሩ ነው ችግሩ! እኔ አዲስ ጫማ ስገዛ መጀመሪያ አሸዋ ላይ እፈትገዋለሁ፣ ከዚያ አደርገዋለሁ፣ አሮጌ ይመስላል፣ አልፋለሁ። አንተ አሮጌውን አዲስ አደረግከው! ወይ ጭቃ ቀባው ወይ ቤት ይቀመጥ።»

ሳቅኩባት። እኔ ደምበል ነው የምሄደው፣ አገር ውስጥ ነኝ፣ ማን ይነካኛል አልኩ።

ረፋድ፣ ሜዳው ላይ

የጅግጅጋ ሜዳ በብስክሌት ሌላ ነገር ነው። ከመኪና መስኮት ሣር ነው የምታየው፤ በብስክሌት ግን ሣሩ ውስጥ ያለውን ወፍ ሁሉ ታየዋለህ። ካራማራ ከኋላዬ ግራ ላይ ቀረ። ፀሐይዋ በቀኝ ጆሮዬ በኩል ከፍ አለች። አስፋልቱ አለቀና ኮረቱ ተጀመረ፣ ጀሪካኖቹ ይንኳኳሉ፣ ውስጣቸው ውሃ፣ ዳቦ፣ ቴምር፣ ፖምፓ፣ ማስቲሽና ቁልፎች አሉ። ብርድ ልብስም አለ፣ እናቴ በግድ የከተተችው።

እህቴ ትዕግስት ደምበል ጤና ጣቢያ ነርስ ናት። ትናንት በስልክ ስነግራት «ብስክሌቱን አንተ ተሸክመህ እንዳትመጣ ብቻ» ብላ ሳቀች። እንዳትስቂ፣ አልኩ በሆዴ፣ ማታ አንቺ በር ላይ ደወል እደውላለሁ። ደወል እንኳ የለኝም።

አንድ አይሱዙ አለፈኝ፣ ሹፌሩ ጥሩምባውን ነፋልኝ፣ ረዳቱ «ሂድ አንበሳው!» አለ። ሰው ሻንጣውን ስሰቅልለት ቀና ብሎ አይቶኝ አያውቅም። ዛሬ ግን መንገደኛ ነኝ። ላቤ ዓይኔ ውስጥ እየገባ፣ ብቻዬን ስስቅ ራሴን ያዝኩት።

ቀትር ላይ፣ ኬላ

ሁለት በርሜል፣ በመሐል ገመድ፣ ጎን ላይ የቆርቆሮ ቤት። አንድ አሮጌ ላንድክሩዘር ቆሟል፣ ተሳፋሪው በሙሉ ወርዶ ፀሐይ ላይ ነው፣ ዕቃው መሬት ላይ ተዘርግቷል። ፈታሾቹ ሁለት ናቸው፤ አንደኛው ጎረምሳ፣ መነጽር ያደረገ፣ ሌላው ጠና ያለ፣ ጥላ ውስጥ ሻይ ይዞ የተቀመጠ።

«ውረድ» አለኝ ባለመነጽሩ። «የማን ነው?»

«የኔ።»

«ደረሰኝ?»

«ከስንት ቦታ ላምጣልህ? አጥንቱ ከቆሻሻ፣ መቀመጫው ከሆቴል፣ ጀሪካኑ ከእናቴ ማድ ቤት ነው።»

«ይሄ አዲስ ነው።»

«አዲሱ ቀለሙ ነው፣ ፋቀው።»

አልፋቀውም። መሪውን፣ ማኑብሪዮውን፣ ይዞ ወደ ቆርቆሮው ቤት ይጎትተው ጀመር። በሩ ክፍት ነው፣ ውስጡን አየሁት። የሩዝ ጆንያ፣ ጎማ፣ ፍሪጅ፣ ላስቲኩ ያልተነሳለት የሙሽራ ሶፋ። ጥግ ላይ ደግሞ የሕፃን ብስክሌት፣ ሸረሪት አድርታበታለች። እዛ የገባ እንደማይወጣ ሸረሪቷ ነገረችኝ። የዓመት ልፋቴ ሦስት እርምጃ ቀርቶታል።

ያዝኩት። እሱ ከፊት፣ እኔ ከኋላ።

«ልቀቅ!»

«አልለቅም! አምና አንድ ፈረንጅ በብስክሌት አልፏል፣ እሱን ደረሰኝ ብላችሁታል?»

«እሱ ቱሪስት ነው።»

«እኔስ?»

ጥላ ውስጥ ያለው ሰውዬ ሻዩን አስቀመጠ። «አንተ ልጅ፣ የት ነው የምትሄደው?»

«ደምበል፣ አለቃ።»

«ደምበል ምን አለ?»

«አላውቅም። ለዛ እኮ ነው የምሄደው።»

ላቡን በእጅጌው ጠረገ። የምጮህበት ነገር ብዙ ነበረኝ፣ ግን ሰውዬው የደከመው ይመስላል፣ ሙቀቱም ከባድ ነው።

«ስማ» አለ። «ሙሉ ብስክሌት ያለ ወረቀት ላሳልፍ አልችልም፣ የተባልኩት ይሄ ነው። ሰው ለራሱ ሁለት ሦስት መለዋወጫ ቢይዝ ግን ዝም እላለሁ።»

«አንድ ጎማ ቢይዝስ?»

«ጎማማ ጎማ ነው።»

ቁጭ አልኩና ቁልፌን አወጣሁ። እዛው፣ ገመዱ ሥር፣ ብስክሌቴን መፍታት ጀመርኩ። ባለመነጽሩ «አበደ» አለ። መጫኛው በቡሎን ስለታሰረ ወዲያው ወለቀ። ጎማዎቹ ወለቁ፣ መቀመጫው፣ ማኑብሪዮው፣ ፔዳሎቹ። ግን እኔ አንድ ሰው ነኝ። ይሄን ሁሉ ማን ይይዘዋል?

በዚህ መንገድ የተጓዘ ሰው መልሱን ያውቃል። ኬላ ሲደርስ ነጋዴዋ ለጎኗ ሰው «ይሄን ያዝልኝ» ትላለች፣ የማታውቀው ሰው ይይዝላታል፣ ካለፉ በኋላ ይመልስላታል። ደሞዝ የለው፣ ምስጋና የለው፣ ልማድ ነው። እኔም አፍሬ ሳልጠይቅ፣ ቢጫ ሻሽ ያሰረች ወፍራም ሴት ከተሳፋሪዎቹ መሐል ተነሳች። በሶማሊኛ አንድ ነገር ተናገረች፣ አጭር ነው። ሰዉ ሁሉ ተነሳ።

ሕፃን ያዘለች ልጅ ማኑብሪዮውን ወሰደች። ተማሪ የሚመስል ልጅ መቀመጫውን ብብቱ ሥር ከተተ። የኋላውን ጎማ ሹፌሩ ጣራ ላይ ወረወረው። ባለ ቢጫ ሻሿ ፔዳሎቹንና ካቴናውን በላስቲክ ጠቅልላ ቦርሳዋ ውስጥ አስገባች። ጺሙን ሂና የቀባ ሽማግሌ የፊቱን ጎማ አንስቶ እንደ መኪና መሪ ደረቱ ላይ ያዘው።

«አዴር፣ ጎማ ምን ያደርግልዎታል?» አለው ባለመነጽሩ፤ አዴር አጎቴ እንደማለት ነው።

«ምን አገባህ? ቤቴ አንድ ጎማ ጎድሎኝ ነበር።»

ጠና ያለው ፈታሽ ሳቁ አመለጠው። ሻዩን አንስቶ ፊቱን ወደ ግድግዳው አዞረ። ገመዱ ወረደ። እኔ ቴላዮዬን ትከሻዬ ላይ አድርጌ፣ ጀሪካኖቼን ከነመጫኛው አንጠልጥዬ፣ በእግሬ አለፍኩ።

ከሰዓት፣ ከመታጠፊያው ወዲያ

ላንድክሩዘሩ ከመታጠፊያው ጀርባ ቆሞ ጠበቀኝ። አንድ በአንድ መለሱልኝ። ሽማግሌው ጎማውን ሲሰጠኝ «አምሮኝ ነበር» አለ። ሹፌሩ ቸኩሎ ነበር፣ ጥሩምባ ነፋ፣ አቧራ አስነስቶ ሄደ። ግራር ሥር ቁጭ ብዬ ስገጣጥም የግራ ፔዳሉን ፈለግኩ፣ የለም። አሸዋውን በእጄ አበጠርኩት፣ የለም። የባለ ቢጫ ሻሿ ቦርሳ ውስጥ ቀርቷል።

ተሳደብኩ። ማንን እንደሆነ እንጃ፣ ሜዳው ነው የሰማኝ።

ከዚያ ቀኝ እግሬን በካላማዳሪ፣ ማለት በጎማ የውስጥ ላስቲክ፣ ቁራጭ ፔዳሉ ላይ አሰርኩት፣ እንዲገፋም እንዲጎትትም። ግራው ተንጠልጥሎ ይሄዳል። ዕድሌ መንገዱ ወደ ቆላው እየወረደ ነው። ሙቀቱ ይጨምራል፣ ሣሩ ያልቅና እሾህና ድንጋይ ይሆናል፣ ኩይሳው ሰው ያክላል። ዳገት ሲመጣ እፈታለሁ፣ እገፋለሁ፣ መልሼ አስራለሁ። ግመል የሚነዱ ሁለት ሰዎች አይተውኝ መጀመሪያ ሳቁ፣ ቀጥሎ የግመል ወተት ሰጡኝ። ጭስ ጭስ ይላል፣ ግን ቀዝቃዛ ነው። አንደኛው በተሰባበረ አማርኛ «ግመል አራት እግር አለው፣ ይሻልሃል» አለኝ። እውነቱን ነው።

ማምሻውን፣ ደምበል

ፀሐይ ስትጠልቅ ቆርቆሮ ጣራዎቹ ታዩኝ። ከተማው መግቢያ ላይ አንድ ሻይ ቤት አለ፣ ዳሱ ከጆንያ የተሠራ። ባለቤቱ ገና ከሩቅ ሲያየኝ ተነስቶ ቆመ።

«ዋርያ! ባለ አንድ እግር! ና!»

ስደርስ ከስኳር ጣሳው ኋላ እጁን ሰዶ በላስቲክ የተጠቀለለ ነገር አወጣ። ፔዳሌ!

«ከየት አገኘኸው?»

«ሀበርዬ ናት የሰጠችኝ፣ ባለ ቢጫ ሻሽ። ሹፌሩ እምቢ ብሏት ነው እንጂ ልትመለስ ነበር አለች። ሰማያዊ ብስክሌት ይመጣል፣ ፊቱ የተቆጣ ልጅ ነው፣ ታውቀዋለህ አለችኝ።» ብርጭቆ እያጠበ ሳቀ። «አወቅኩህ። ጠጣ፣ የሻዩንም ከፍላልሃለች።»

ጠጣሁ። ሀበርዬ ማለት አክስቴ ማለት ነው፣ ስሟን እንኳ አላውቅም።

ፔዳሌን ገጥሜ እህቴ በር ላይ በሁለት እግሬ ደረስኩ። ትዕግስት ወጥታ ብስክሌቱን ዞረችው፣ ጀሪካኑን በጣቷ መታ መታ አደረገችው፣ «እውነትም ይሄዳል እንዴ?» አለች። ሩዝ በፍየል ሥጋ በላሁ። ጠዋት ደግሞ ደምበል ምን እንዳለ ዞሬ አየሁ። ገበያ አለ፣ አቧራ አለ፣ ወደ አይሻ የሚወጣ መንገድም አለ። ዓይኔ እሱ ላይ ነው።

መጀመሪያ ግን ኬላው ላይ ገመዱን ይዛችሁ የቆማችሁትን፣ ገመዱንም እንዲይዙ ያዘዛችሁትን አንድ ነገር ልጠይቃችሁ። ፈረንጁ ከነሙሉ ብስክሌቱ በሰላምታ አለፈ። እኔን የማያውቁኝ ሰዎች ደግሞ አንዲት ፔዳል እንዳትጠፋብኝ ከስኳር ጣሳ ኋላ አስቀመጡልኝ። እናንተስ? እኔ በአገሬ መንገድ ሳልፈታታ የማልፈው መቼ ነው?