የቀድሞው ልክ

ደንበኞቿ ሁሉ «ልኬ» ይሏታል፤ ስሟን የሚያውቁት እንኳ ትተውታል። ሙያዋ ልብስ ሰፊነት ነው፤ ግን መስኮት ላይ ተሰቅሎ ዐይን የሚጠራ ቀሚስ አትሰፋም። እሷ የምትሰፋው በሕመም ምክንያት ጡታቸው ለተቆረጠ ሴቶች የጡት መያዣና ውስጡ የሚገባውን ሙሌት ነው። ክፍሏ ከሆስፒታሉ ጀርባ ናት። ሁለት ሰው አንድ ላይ ዞር ቢል ክርን ለክርን ይጋጫል። በሩ ላይ የተጻፈ ነገር የለም፤ ሴቶቹ በጆሮ ተነጋግረው ይመጣሉ።

ብዙዎቹ መጀመሪያ የሚመጡት ከቀዶ ጥገናው በፊት ነው። ልኬ መጋረጃውን ትስባለች፤ ሜትሩ እንዳይቀዘቅዛቸው በመዳፏ አሸት አሸት ታደርገዋለች፤ ትለካለች፤ ቅርጹን ከነክብደቱ ከነዘንበል ማለቱ ላፕቶፗ ላይ ትስላለች። ከዚያ ለሁሉም የምትለው አንድ ነው፦ «የምለካሽ አንዴ ነው። ሁለተኛ ልብስሽን አታወልቂልኝም፤ ከእኔ ሌላም ዐይን አያየውም።» ከቀዶ ጥገናው በኋላ ያ ሰውነት የለም። ልኩ ግን አለ፤ ሙሌቱንም የምትቆርጠው ከእሱ ላይ ነው።

እንግዲህ አንድ ጠዋት ማንኳኳት የጀመረው ይኸው ላፕቶፕ ነው።

የልኬ ጆሮ የስፌት ማሽን ጆሮ ነው። መርፌ ሊሰበር ሲል ማሽኑ ምን እንደሚል ታውቃለች። ከግራ መዳፏ ሥር፣ ከላፕቶፑ ሆድ፣ ቀጭ፣ ቀጭ የሚል ነገር ሰማች። አንድ ሥዕል ለመክፈት የወሰደበት ጊዜ አንድ ጉርድ ያስዘመዝማል። ሃርድ ዲስኩ እየሞተ ነው። ቅጂ ያዢ ተብላ ታውቃለች፤ ነገ ዛሬ ስትል ቆየች። ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ ማለት ይህ ነው።

ባሏ የአውቶቡስ ሾፌር ነው። የዕረፍት ቀኑ ስለነበር ምሳ ይዞላት መጥቶ ደጃፉ ላይ በርጩማ ስቦ ተቀምጧል። ከደፉ አያልፍም፤ ሕጓ ነው፣ ለምዶታል። ነገሩን ስትነግረው ቁልቁል መንገዱ ላይ ያለውን የኮምፒውተር ጠጋኝ በአገጩ አመለከታት።

«ለባለሙያው ስጪው እንጂ። እኔ የልብስ ስፌት ማሽንሽን ልፍታው ብል ታስነኪኛለሽ?»

«ማሽኔ ውስጥ ማን ራቁቱን ተቀምጧል?» አለችው።

ጠጋኙን ክፉ ሰው ብላ አልጠረጠረችውም፤ ቃሏ ግን «ከክፉ ሰው በቀር ማንም አያየውም» የሚል አልነበረም።

ያ ቀን ደግሞ ተራ ቀን አልነበረም። ከሰዓት በኋላ አንዲት ጡረታ የወጡ መምህርት ቀጠሮ ነበራቸው። ከቀዶ ጥገናቸው በፊት ሊለኩ ሲመጡ መጋረጃው ውስጥ እጃቸውን ደረታቸው ላይ አጣምረው ብዙ የቆሙ፣ በመጨረሻም «በይ፣ አንዴ ታይቻለሁ፤ ከእንግዲህ ሐኪም ካልሆነ ማንም አያየኝም» ብለው የወጡ ሴት ናቸው። ዛሬ የሚመጡት ሙሌታቸው ሲቆረጥ ሊያዩ ነው። የእሳቸው የቀድሞ ልክ ከዚያ ከሚያንኳኳ ዕቃ በቀር በምድር ላይ የትም የለም።

ጠዋቱን አዲስ ዲስክ ገዝታ ተመልሳ ነበር። ሻጩ ሲሰጣት በእጇ መዘን መዘን አድርጋ ባዶ ቀፎ የሸጠላት መስሏታል፤ ከክብሪት ሳጥን አይከብድም። የሚሽከረከር ነገር የለውም፣ ድምፅ የለውም፣ ከአሮጌው ግን እጥፍ ይይዛል አላት። ከነማገናኛ ገመዱ ላፕቶፑ ላይ ሰካችና የመቅጃውን ፕሮግራም አስነሳች። ጠረጴዛው እንዳይንቀጠቀጥ ብላ ማሽኗን ትታ በእጅ ስትጠቅም አረፈደች። አሮጌው እያቃሰተ ይሰጣል፤ አዲሱ ዝም ብሎ ይቀበላል። ቅጂው አለቀ የሚል ጽሑፍ መጣ። ደስ ብሏት አንዴ አጥፍታ ብታስነሳው አሮጌው ቀጭ ብሎ ቀረ። ከዚያ በኋላ ያላት አዲሱ ብቻ ነው።

ምሳውን በአንድ እጇ ጎርሳ ወደ ሥራው ገባች። ቻርጀሩን ነቀለች፤ ላፕቶፑን ንጹሕ ጨርቅ ላይ በደረቱ አስተኛችው። ካርቶን ሥር አድርጋ ዙሪያውን በልብስ ሰፊ ጠመኔ ነደፈችና የፈታችውን እያንዳንዱን ብሎን በወጣበት ቦታ ልክ ካርቶኑ ላይ ሰካችው፤ ረጅሙና አጭሩ ይለያያል፣ የቸኮለች አፍሳ ለቀመች። የሆዱን ክዳን በቀጭን የፕላስቲክ ማስመሪያ ዙሪያውን ተጓዘችበት፤ ጠቅ፣ ጠቅ እያለ ለቀቀ።

ካቻቪቴዋን እንደያዘች ቀረች።

ልብስ ሰፊ ሰው ልብስ ሲያይ ገልብጦ ነው የሚያየው። ፊቱ ይዋሻል፤ ገበሩ አይዋሽም። እሷም ስንቱን ውድ ኮት ገልብጣ ውስጡ የተንዘላዘለ ክር አይታ ንቃለች። ይህ ግን፣ ማንም ላያየው ተከድኖ የሚኖር ነገር፣ እንዴት ተሠርቷል! ጥብጣብ የመሰሉት ሽቦዎች ማዕዘን ላይ ሲደርሱ ልክ እንደ አንገት ጥለት ተጣጥፈው ዞረዋል። አንዱ አንዱን አይረግጥም። ባዶ የቀረ ጥግ የለም፣ የተጨናነቀም የለም።

«ምን አገኘሽ?» አላት ሾፌሩ ከደጅ።

«የሠራው ሰው እጁ ይባረክ» ብላ ብቻ መለሰች።

የባትሪውን መሰኪያ በጥፍሯ አላቀቀች። አሮጌው ዲስክ በብረት እቅፍ ውስጥ ተኝቷል። ወደ ላይ ብትስበው መሰኪያው ይሰበራል፤ ወደ ጎን እንደ መሳቢያ አንሸራትታ አወጣችው። ገና ሞቅ ይል ነበር። መዳፏ ላይ አስቀምጣ አየችው። የስንቱ ሴት ደረት፣ ከመቆረጡ በፊት እንደነበረ፣ በአንድ እጅ ውስጥ! አንዳንዶቹ ዛሬ በሕይወት የሉም። ዲስኩን በጨርቅ ጠቅልላ አስቀመጠችው፤ መወርወር አልሆነላትም።

የእቅፉ ብሎኖች ከስፒል ራስ አይበልጡም። እንዳይወድቁባት ስፒል የሚይዝላትን የማግኔት አምባር ግራ አንጓዋ ላይ አሰረችና እነሱን እዚያ ላይ ለጠፈቻቸው። አዲሱን እቅፉ ውስጥ አሰረች፤ አንሸራትታ አስገባች፤ ባትሪውን ሰካች፤ ካርቶኑን እያየች ብሎኖቹን አንድ በአንድ መለሰች። ገለበጠችው፤ ከፈተችው፤ ማስነሻውን ተጫነች።

ተነሳ። ያውም በዐይን ጥቅሻ። ግራ እጇን ጠርዙ ላይ አሳርፋ ልትጽፍ ስትል የላፕቶፑ መስታወት ድርግም አለ።

እጇን አንስታ እንደገና ተጫነች፤ በራ። እጇን አሳረፈች፤ ጠፋ። ሦስተኛም እንዲሁ። ሾፌሩ ከበርጩማው ተነስቶ ቆሟል፤ የሚቀለድበት ጊዜ እንዳልሆነ ገብቶታል።

መምህርቷ የደረሱት ያን ጊዜ ነው። ለሾፌሩ ራሳቸውን ነቅነቅ አድርገው ገቡ፤ እሱም እንደ ልማዱ በርጩማውን ይዞ ራቅ አለ። ልኬ ሌላ ሕግ አላት፦ ቁስል ያለበት ገላ አጠገብ ስፒል አይቀርብም። እጇ በራሱ ሄዶ አምባሩን ፈትቶ ላይኛው መደርደሪያ ላይ ሰቀለው።

«አረፍ ይበሉ፣ እትዬ። የምነግርዎ ነገር አለ።»

«ፊትሽ ነግሮኛል። ጠፋ?»

ልኬ አንዴ ደግማ ተጫነች። በራ። ግራ እጇን አሳረፈች። በርቶ ቆየ።

እጇን አየች። መስታወቱን አየች። ቀና ብላ መደርደሪያውን አየች። ላፕቶፑን ከድና ስታስቀምጥ የክዳኑ ጠርዝ ላይ ስፒል ተለጥፎ የምታገኝባቸው ቀናት ነበሩ፤ እዚያ ትንሽ ማግኔት ምን ይሠራል ብላ ጠይቃ አታውቅም። አምባሩን አውርዳ ወደ ጠርዙ አስጠጋችው። ጨለመ። አርቃው ስትጫን ነቃ። ለካስ ላፕቶፑ ክዳኑ መዘጋቱን የሚያውቀው በማግኔቱ ነው። አምባሯ ሲጠጋው ተከደንኩ ብሎ ይተኛል እንጂ ምንም አልሆነም! በደንበኛ ፊት ላፕቶፑን ስትነካ አምባሩ ሁልጊዜ መደርደሪያው ላይ ነው፤ ለዚያ ነው እስከ ዛሬ ያልተገናኙት።

«ምንድን ነው እሱ?» አሉ መምህርቷ።

«ዐይን የለው፣ ጆሮ የለው፤ ግን ሲከድኑት ያውቃል» አለች ልኬ በሹክሹክታ።

ፋይሉን ከፈተች። ሥዕሉ ገና ጣቷ ሳይነሳ ፊት ለፊቷ ነበር፦ የግራው ዝቅ ያለ፣ የቀኙ ሞላ ያለ፣ እያንዳንዷ መስመር ሙሉ። ማያውን ወደ መምህርቷ አዞረችው።

መምህርቷ መነጽራቸውን አጠለቁ። ረጅም ጊዜ አዩ።

«እኔ ነኝ?»

«እርስዎ ነዎት።»

«እኔማ የቀረሁ መስሎኝ ነበር» አሉ። ጣታቸውን አስጠግተው መስመሩን ከላይ እስከ ታች ሳይነኩት ተከተሉት። «የት አስቀመጥሽው ይህን ሁሉ?»

ልኬ ላፕቶፑን በትንሹ ከፍ አድርጋ ሆዱን አሳየቻቸው። «ከክብሪት አይከብድም።»

ከዚያ ልኬ ከምንም በፊት ሌላ ማስቀመጫ አውጥታ ቅጂውን አስጀመረች፤ ዛሬስ ውሻው ከጅቡ ቀድሞ ይጩህ። የሙሌቱን ስፖንጅ ዘረጋች፤ ጠመኔዋን አነሳች። መምህርቷ እጃቸው ወደ ሸሚዛቸው ቁልፍ ሄዶ ሲያመነታ አየቻቸውና ሜትሩን ከአንገቷ አውርዳ ግድግዳው ላይ ካለው ሚስማር ሰቀለችው።