የባሻንዲ ግንብ ዕድሜ

ግንበኛው ባሻንዲ የተወለደው ቤተ መቅደስ ጣሪያ ላይ ነው። አሸዋና ፍርስራሽ የፈርዖኖቹን አዳራሽ እስከ አንገቱ ስለ ሞላው፣ የመንደሩ ሰው ከላዩ የጭቃ ጡብ ቤት ሠርቶ ይኖራል። በባሻንዲ ቤት የአንድ ዓምድ አናት ከወለሉ ብቅ ብሏል፤ ሚስቱ ነፊሳ ሊጥ ታቦካበታለች። ከፍታው ለወገብ ተስማሚ ነው።

አንድ ዓመት የቅርስ ሰዎች መንደሩን አንስተው መቅደሱን ሊያወጡ መጡ። ደንባቸው አጭር ነው፦ አዲስ ቤት ይፈርሳል፣ ባለቤቱ በእርሻው ዳር ምትክ ቦታ ይመራል። የጥንት የሆነ አይነካም፤ ሰውም አይኖርበትም፤ ምትክም የለውም።

መንደርተኛው ኤፈንዲ የሚለው መዝጋቢ ሹም ቤት ለቤት ሲዞር የባሻንዲ ጓዳ ደረሰ። የጓዳውን ግድግዳ ባሻንዲ ከወዳደቀ የመቅደስ ድንጋይ ከገነባው ስድስት ዓመቱ ነው። ኤፈንዲው በመጋጠሚያው ጥፍሩን ሊያስገባ ሞከረ። አልገባም።

“የጥንት ነው” አለ ለጸሐፊው። “አይፈርስም በል።”

“የእኔ እጅ ሥራ ነው እኮ፣ ጌታዬ።”

“ተወኝ እስቲ፣ ወንድሜ! ዛሬ እንዲህ የሚገነባ የት አለ?”

ባሻንዲ እንዲህ ተመስግኖ አያውቅም። ነፊሳ በልጃቸው ስም ጠርታ ጎኑን ጎሸመችው።

“አንተ የሰንያ አባት! ደስ አለህ አይደል? ጎረቤት ሁሉ ቦታ ሲመራ እኛ ሙገሳህን ለብሰን ልንተኛ ነው?”

“አርባ ቀን ለፍቼበታለሁ።”

“ማን ልፋ አለህ! እንደ ወንድሜ አንጋደህ ብትሠራው ዛሬ ቤት ነበረን።”

ጎረቤቶች እሱ እንደ ሠራው መሰከሩ። ኤፈንዲው “ቦታ ለማግኘት የማይምል የለም” ብሎ አልተቀበላቸውም።

ባሻንዲ ዲጅኖውን አነሳ። ከላይኛው ረድፍ አንዱ ድንጋይ ቁመቱ ትንሽ አንሶበት ሥሩን የደገፈበትን ነገር ያውቃል።

“እንዳትነካ!” ኤፈንዲው ጮኸ። ድንጋዩ ግን ወጥቶ ነበር። ከሥሩ የተጨፈለቀ የሻይ ቆርቆሮ ተገኘ፤ በላዩ የታተመው የግመል ሥዕል እንኳ አልለቀቀም።

“ፈርዖን ሻይ ይጠጣ ነበር እንዴ፣ ጌታዬ?”

ኤፈንዲው ቆርቆሮውን ገለባብጦ አየ። “ሰርዘው” አለ ለጸሐፊው። “አዲስ ነው። ይፈርሳል።”

የጎረቤቶቹ ቤት በአንድ ጠዋት ወረደ። የባሻንዲን ግድግዳ ሠራተኞቹ ታግለው ስላቃታቸው፣ ራሱ በሦስት ቀን አፈረሰው።

በተመራው ቦታ አዲስ ቤት ሠራ። ሦስቱን ግድግዳ በቱንቢ ለካ። መንገድ የሚያየውን አራተኛውን ግን ሆን ብሎ ሁለት ጣት አጣመመው።

ነፊሳ ራቅ ብላ አየችው። “አሁን ገና የሰው ቤት መሰለ” አለች።