አሚን ያልንበት ስብሰባ

ዛሬም ድረስ «የነዋሪው አስተያየት በግብዓትነት ይወሰዳል» የሚል ሰው ስሰማ ደሜ ይፈላል። ይህን አነጋገር መጀመሪያ ያመጣውን ሰው አላውቀውም። ባገኘው ግን ክንዱን ይዤ የእናቴ ቤት ከነበረበት ቦታ አቆመውና «እስቲ ግብዓቱን አሳየኝ» እለው ነበር። አሁን እዚያ ፎቅ ቆሟል። ምድር ቤቱ ስልክ መሸጫ ነው፤ ከላይ ያሉት ክፍሎች ግን ይኸው እስካሁን መስኮት እንኳ አልገባላቸውም።

ቤታችን ደሴ፣ ሆጤ፣ አስፋልቱ ዳር ነበር። አባቴ ከመሞቱ በፊት ጭቃውን በገዛ እጁ መርጎ የሠራው ቤት ነው። በመንገዱ በኩል ያለችውን ክፍል እናቴ ሱቅ አድርጋት ጨው፣ ሳሙና፣ ክብሪት፣ ዘይት ትሸጥባታለች። እኔን ሴት ልጇን ያሳደገችኝም ያስተማረችኝም በዚያች ሱቅ ነው። በዚያን ጊዜ እኔ ኮምቦልቻ አንድ መጋዘን ውስጥ ተቀጥሬ ስለነበር፣ ቅዳሜ ከሰዓት በሚኒባስ ዳገቱን እወጣና እናቴ ዘንድ አድራለሁ። ኮምቦልቻ ላይ በላብ የተጣበቀው ልብሴ ሆጤ ስደርስ በጉም ይቀዘቅዛል። እናቴ የሱቋን መስኮት ገርበብ አድርጋ ትጠብቀኛለች፤ ደንበኛ ካለ ግን ሰላም የምትለኝ ሒሳቡን ከተቀበለች በኋላ ነው።

ደርግ ከወደቀ ቆይቷል፤ ከተማው ሁሉ ልማት ልማት የሚልበት ጊዜ ነው። መንገዱን ማንም አልጠላም። የጠላነው በየጊዜው ከሰማይ ዱብ የሚለውን መመሪያ ነበር። የቆርቆሮ አጥር ሁሉ አንድ ዓይነት ቀለም ይቀባ ተባለ፤ ቀባን። በርበሬ መንገድ ዳር አይሰጣ ተባለ፤ አነሳን። ቀጥሎ ደግሞ ለለቅሶ ድንኳን ከመተከሉ በፊት ፈቃድ ይጠየቅ ተባለ። ሟቹ ቀደም ብሎ ማሳወቅ ነበረበት መሰለኝ። እናቴ ይሄን ስነግራት ሳቀች፤ እኔ ግን ያኔም አላሳቀኝም።

የመጨረሻው መመሪያ እኛን የሚነካ ነበር። አስፋልት ዳር ያለ ባለይዞታ ሁሉ ፎቅ ይሥራ፣ ያልቻለ ቦታውን ለሚችል ይልቀቅ የሚል ወሬ ተሰማ። እናቴ ፎቅ ልትሠራ ቀርቶ የሱቋን ጣሪያ ለማስጠገን ክረምት በመጣ ቁጥር ስትሰጋ ነው የምትኖረው። ቦታውን ለቀቀች ማለት ሱቋን አጣች፤ ሱቋን አጣች ማለት ደግሞ በስተርጅና የእኔን እጅ ጠባቂ ሆነች ማለት ነው። ያንን ከሞት ይልቅ ትፈራው ነበር።

ስብሰባው የተጠራው እሑድ ከሰዓት፣ በአንድ ትምህርት ቤት አዳራሽ ነው። «በአካባቢያችሁ ልማት ላይ አስተያየት ስጡ» ነው የተባለው። እናቴ ጴንጤ ናት፤ ከጸሎት ቤት እንደተመለሰች ምሳዋን ቀማምሳ ወጣች፣ እኔም ተከተልኳት። አዳራሹ ጢም ብሎ ሞልቷል። ፊት ለፊት ከማዘጋጃ ቤት የመጡ ሰዎች ተቀምጠዋል፤ ሰብሳቢው ወጣት ነው፣ ጨዋታ አዋቂ፣ ሽማግሌ ሲገባ ብድግ የሚል።

ወሎ ውስጥ ሰው ተሰብስቦ ያለ ዱዓ ነገር አይጀምርም። ለሠርግ ይሁን ለዕርቅ፣ አንድ ሽማግሌ እጃቸውን ዘርግተው ይመርቃሉ፤ የተቀመጠው ሁሉ መዳፉን ከፍቶ አሚን ይላል። እስላሙም ክርስቲያኑም ይላል። እናቴን ጸሎት ቤት ውስጥ አንዳንዶች ለምን ትያለሽ ቢሏትም፣ «ለምርቃት አሜን የማይል ምን ዓይነት ሰው ነው?» ብላ ነው የምትመልስላቸው። በእኛ ሰፈር የሚመርቁት የቅሬው አባት ነበሩ። ቅሬ ሌላው አገር ዕድር የሚለው ነው፤ የሞተውን ይቀብራል፣ ቤቱ የተቃጠለበትን መልሶ ያቆማል። ሽማግሌውን ሁላችንም አባባ እንላቸዋለን። ቤታቸው ከእኛ ጀርባ፣ ከአስፋልቱ ገባ ብሎ ነው።

ሰብሳቢው ወጉን ያውቃል። «አባባ፣ እስቲ ሥራችንን በዱዓ ይክፈቱልን» አላቸው በትሕትና።

አባባ ከዘራቸውን ለጎረቤታቸው አቀብለው እጃቸውን ዘረጉ። «ያረቢ፣ አገራችንን አማን አድርግልን። ከተማችንን አልማልን። እነዚህን እንግዶቻችንን ያሰቡትን አሳካላቸው፣ የጀመሩትን ለፍጻሜ አድርስላቸው።»

በየመሃሉ አሚን አልን። እኔም ብያለሁ፣ ያውም ጮክ ብዬ። እንግዳ ምን እንዳሰበ ተጠይቆ አይመረቅም፤ ይመረቃል፣ ከዚያ ነገሩን ይናገራል።

ሰብሳቢው ነገሩን ተናገረ። የሰማነው ወሬ እውነት ነበር። ከዚያ አስተያየት ስጡ ተባለና ሰው ሰጠ፤ እንዴት አድርጎ እንደሰጠ። አንዲት ሴትዮ ተነስታ «ከጦሳ ተራራ የሚወርደው ጎርፍ መሄጃ አጥቶ ቤታችን እየገባ፣ እናንተ ፎቅ ትሉናላችሁ፤ መጀመሪያ ቦዩን ጥረጉልን» አለች። አንድ ጡረተኛ አስተማሪ «ፎቁ ሲሠራ ማን ሊከራየው ነው? ተከራዩን አብራችሁ ታመጡልናላችሁ ወይ?» ብሎ አዳራሹን አሳቀው። እናቴም ተራዋን ጠብቃ ተነሳች፤ ነጠላዋን አስተካክላ፣ በቀስታ ነው የተናገረችው።

«እኔ መንገድ አልጠላሁም፣ ልጄ። አጥሬን አፍርሱና መንገዱን አስፉት፣ ግቢዬንም ውሰዱ። ሱቄን ግን ተዉልኝ። እኔ ሌላ የምበላበት የለኝም።»

«ጥሩ አስተያየት ነው፣ እማማ» አለ ሰብሳቢው። «በግብዓትነት ይወሰዳል።»

ያን ቀን መመሪያውን ደግፎ የተናገረ አንድ ሰው አልነበረም። ሰብሳቢው ሁሉንም አመስግኖ ዘጋው። እኛም ተናግረን ወጣልን፣ ሰሙን ብለን፣ እየተሳሳቅን ወደ ቤታችን ሄድን። እናቴ መንገድ ላይ «ደህና ልጅ ነው፣ ያዳምጣል» አለችኝ።

ብዙም ሳይቆይ የሱቋ ግድግዳ ላይ ቀይ ኤክስ ተቀባ። እናቴ በእርጥብ ጨርቅ ልታጠፋው ስትፈትግ ደረስኩ። ቀለሙ አልለቀቀም፤ ጭቃው ነው የተላጠው። ጨርቁን ከእጇ ቀማሁና እሷን ይዤ ማዘጋጃ ቤት ሄድኩ። ያው ሰብሳቢ ነው የተቀበለን፣ ያው ትሕትናው፤ ወንበር ስቦ እናቴን አስቀመጣት።

«ሕዝቡ ተስማምቶበት እኮ ነው» አለን።

«ማን ነው የተስማማው?» አልኩት። «እዚያው ነበርኩ። አንድ ሰው አልደገፈም።»

«አስተያየት ሌላ፣ ስምምነት ሌላ» አለኝ፣ ለሕፃን እንደሚያስረዳ። «አባባ ያሰቡትን አሳካላቸው ብለው ሲመርቁ አዳራሹ በሙሉ አሚን አላለም? አንቺም ነበርሽ። አንድም የተቃወመ ስላልነበረ በሙሉ ድምፅ መደገፉን ለበላይ አካል አሳውቀናል።»

የሚቀልድ መስሎኝ ፊቱን አየሁት። አልቀለደም። እኔ እንዲህ ዓይነት ንዴት ከዚያ በፊት አላውቅም። ቢዋሸን፣ ጉቦ ቢበላብን፣ ቢሰድበን የምመልሰው አላጣም ነበር። ይኼ ግን እናትና አባታችን ለመጣ ሰው ሁሉ ስጡ ብለው ያሳደጉንን ምርቃት ወስዶ የቤት ማፍረሻ አደረገው። እናቴ ናት የመለሰችለት።

«አሜን ያልነው ለእግዚአብሔር ነው፣ ልጄ። ለናንተ አይደለም።»

«ገብቶኛል፣ እማማ» አለና ወደ በሩ ሸኘን።

ወሬው ሰፈሩን አዳረሰ። የሚያሳዝነው፣ ሰው ማዘጋጃ ቤቱን ትቶ ወደ አባባ ዞረ። ኤክስ የተቀባበት ሁሉ «እርስዎ ነዎት መርቀው የሰጧቸው» ይላቸው ጀመር። የእሳቸው ቤት ገባ ያለ በመሆኑ አልተነካም፤ ይህ ደግሞ ነገሩን አባሰው። አንዱ ጎረቤታችን ሰላምታቸውን ሳይመልስ ሲያልፍ በዓይኔ አይቼ በአደባባይ ሰደብኩት። ከዚያ አንድ ቅዳሜ አባባ ሱቃችን በር ላይ መጥተው ቆሙ። ግቡ ብንላቸው አልገባም አሉ።

«አውፍ በይኝ፣ ይቅር በይኝ፣ ልጄ» አሏት እናቴን። «ቤትሽን ባፌ አሳልፌ ሰጠሁብሽ።»

«ኧረ አባባ፣ እርስዎ ምን አጠፉ?» አለች እናቴ። «ለመጣ ሰው ይመረቃል። ክፋቱ የነሱ ነው።»

«አውፍ ካላልሽኝ አልሄድም።»

«አውፍ ብያለሁ፣ አባባ። አብሽሩ፣ አይዞዎት።» እናቴ የእሳቸውን ቃል ተውሳ ስትናገር ያን ቀን ነው የሰማሁት። ዓይናቸውን በፎጣቸው ጠርገው ሄዱ።

አቤቱታችን ሲበዛ ሁለተኛ ስብሰባ ተጠራ። ያው አዳራሽ፣ ያው ሰብሳቢ። ያ ልጅ ምንም እንዳልተፈጠረ ሁሉ ወደ አባባ ዞሮ «አባባ፣ እንደተለመደው በዱዓ ይክፈቱልን» አለ። አባባ እጃቸውን ከፎጣቸው ሥር አላወጡም።

«ዛሬ ዱዓ የለኝም» አሉ።

ይህን ለማያውቅ ሰው ምን ያህል ከባድ እንደሆነ ማስረዳት ያስቸግራል። እኒህ ሰው የሌባ ልጅ መርቀዋል፣ የተፋታ መርቀዋል፣ ሰፈሩ ውስጥ ያልመረቁት ፍጥረት የለም። ሰብሳቢው ደንገጥ ብሎ ወደ ሰፈራችን ቄስ ዞረ። ቄሱም መስቀላቸውን ከደረታቸው ሳያነሱ፣ «አባባ የነፈጉትን እኔ አልሰጥም» አሉ። በሕይወቴ እንደዚያ ቀን በሰፈሬ ሰዎች ኮርቼ አላውቅም። እንግዲህ አሁን ያፍራሉ፣ ያቆሙታል ብዬ አሰብኩ።

ሰብሳቢው ጉሮሮውን ጠረገ። «ጥሩ፣ እንግዲያው በጭብጨባ እንክፈተው» አለና አብረውት የመጡት አጨበጨቡ። ስብሰባው ተከፈተ። አስተያየት ተሰጠ። በግብዓትነት ተወሰደ።

ቤቱን ያፈረሱት ግሬደር አምጥተው ነው። እናቴ የሱቋን ዕቃ አንድ ቀን ቀድማ አባባ ቤት አስገብታ ነበር፤ ሲፈርስ ግን ቆማ አየች። እኔ አላየሁም። ኮምቦልቻ መጋዘኑ ውስጥ ሆኜ ካርቶን ስቆጥር ዋልኩ፤ የቆጠርኩት ሁሉ ስህተት ሆኖ አለቃዬ ሲቆጣኝ እሱንም ጮኽኩበት።

ምትክ ቦታ የሰጧት ከከተማው ወጥቶ ደሴ ዙሪያ ነው። ከሚኒባሱ ወርደን ብዙ በእግር ሄድን። ቦታውን ሊያስረክበን የመጣው ሠራተኛ ቆም ብሎ «ይኼ ነው» ሲል ዙሪያችንን አየሁ። የቆምነው ባቄላ መሃል ነው። አበባ ያወጣ፣ እሸት ያልያዘ ባቄላ። ሠራተኛው ባቄላውን እየረገጠ ችካል መምታት ጀመረ። ከማሳው ዳር አንድ ገበሬ መደገፊያ ዱላውን ይዞ ያየናል።

«የማነው ባቄላው?» አለች እናቴ።

«የኔ ነበር» አለ ገበሬው።

እናቴ ወደ ሠራተኛው ዞረች። «ልጄ፣ ችካሉን ተወው። ሰውየው ምርቱን እስኪሰበስብ እኔ አልቸኩልም።»

«በተሰጠዎት ጊዜ ውስጥ ግንባታ ካልጀመሩ ቦታውን ይነጠቃሉ፣ እማማ» አላት። «መመሪያው እንደዚያ ነው።»

ቀና ብላ አየችኝ። ሱቋ ሲፈርስ አላለቀሰችም ብለው ነግረውኛል፤ እዚያ ግን አለቀሰች። እኔ ደግሞ በንዴት ዞር ብዬ ቆምኩ። የተቀማችውን ሴትዮ ቀማኛ አደረጓት። ቤቷን ማፍረሳቸውን ምናልባት እረሳው ይሆናል፤ ይህን ግን እስክሞት ይቅር አልልም።

ገበሬው ዱላውን ጥሎ ወደኛ መጣ። «ቤት የለዎትም?» አላት።

«አፈረሱብኝ።»

«እንግዲያ ምን ያድርጉ» አለና ጎንበስ ብሎ ባቄላውን በገዛ እጁ ይነቅል ጀመር። እናቴ እጁን ልትይዘው ሞከረች። «ይተዉኝ፣ እናቴ። ሌላ ሰው ከሚረግጠው ለከብቶቼ ልውሰደው» አላት። ችካል ከተመታበት ጥግ ተነስቶ፣ ነገ ግድግዳዋ የሚቆምበትን መሬት እየነቀለ ሄደ። እናቴ ነጠላዋን ወገቧ ላይ አስራ አጠገቡ ጎንበስ አለች፤ እኔም ተከተልኳት። ሠራተኛው ችካሉን ጨርሶ ሄደ።

እናቴ እዚያ ቤት ውስጥ ብዙ ዓመት ኖራ እዚያው ሞተች። አንድ ቀን «ቤቴ» ስትለው አልሰማሁም። የት ነው የምትኖሪው ለሚላት ሁሉ «የሰውየው ማሳ ላይ» ነበር መልሷ።