ለግድግዳ ሰገደች የተባልኩ ጊዜ

የሆቴሉን አንሶላ ጨምቄ ገመዱ ላይ ከማስጣቴ በፊት አንዴ አራግፈዋለሁ፤ ያን ጊዜ እርጥቡ ጨርቅ «ጧ» ይላል፣ እኔም እጄ ላይ ያለውን ረስቼ የአስር አለቃን እጅጌ እሰማለሁ። ቡጢ ሲሰነዝር የካኪ እጅጌው እንዲሁ ነበር የሚጮኸው።

አስር አለቃ ግራ እግሩን ቆስሎ ከግንባር የተመለሰ የላሊበላ ልጅ ነበር። ካራቴ የተማረው ጦር ሰፈር ውስጥ ነው። እኔ አምስተኛ ክፍልን በጨረስኩበት ክረምት የቀበሌው ወጣት ማኅበር አዳራሹን ሰጥቶት፣ ቅዳሜ ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ እኛን ልጆቹን ያሠለጥን ነበር። እንድንሄድ የታዘዝነው ሁላችንም ነን፤ ትእዛዝ ባይሆን ኖሮ እኔ በራሴ እግር የምገባ ልጅ አልነበርኩም። ክፍል ውስጥ ስሜ ሲጠራ «አቤት» ማለት አቅቶኝ ስንት ጊዜ ቀሪ ተብያለሁ።

ክረምቱ እስኪወጣ ድረስ የተማርነው መቆም ብቻ ነበር፤ እግር ከፍቶ፣ ጉልበት አጥፎ፣ ዝናቡ ቆርቆሮውን ሲደበድበው እየሰሙ መቆም። እግሬ እየተንቀጠቀጠ ስወድቅ ልጆቹ «የመሪጌታ ልጅ፣ መቋሚያ ይምጣልሽ?» እያሉ ይስቁብኝ ነበር፤ አባቴ ማኅሌት የሚያስተምሩ መሪጌታ ስለነበሩ ነው። በመስከረም ቡጢ መሰንዘር ጀመርን፣ ከቡጢው ጋር መጮህም ግዴታ ነበርና፣ አንድ ቅዳሜ ከሁሉም ጋር ስጮህ የራሴን ድምፅ ለይቼ ሰማሁት። ከዚያ ወዲያ ሳምንቱን ሙሉ ያችን ቅዳሜ ስጠብቅ እሰነብት ነበር።

ነገሩ የተበላሸው ሁዳዴ ሊገባ ሲል ነው። ሥልጠናው ሲጀመርና ሲያልቅ ወደ ፊት ጎንበስ ብለን እጅ እንነሳ ነበር፤ አስር አለቃም ከእኛ ጋር ወደዚያው ዞሮ ስለሚያጎነብስ ከፊታችን ያለው የአዳራሹ ግድግዳ ብቻ ነው፣ ግድግዳው ላይ የሊቀ መንበሩ ፎቶና የሦስት ጺማም ፈረንጆች ስዕል ተሰቅሏል። ጎረቤታችን ውድነሽ በመስኮት አይታን ኖሮ፣ ቤት መጥታ «መሪጌታ፣ ልጅዎ እኮ ለጺማሞቹ ስትሰግድ አየኋት» አለቻቸው።

አባቴ አልመቱኝም። ወደ ንስሐ አባታችን ወሰዱኝ፣ እሳቸውም ከቅዳሜና ከእሑድ በቀር በየማለዳው አርባ አርባ ስግደት እስከ ፋሲካ አዘዙብኝ፣ አዳራሹንም እንዳልረግጥ ከለከሉኝ። ለግድግዳ አለመስገዴን ልናገር አፌን ከፍቼ ነበር፤ ድምፄ ግን አዳራሹ ውስጥ ቀርቶ ነበር።

ያን ጾም ሙሉ በብርድ እየተነሳሁ፣ ተንበርክኬ፣ ግንባሬን መሬት አስነክቼ፣ ቀና ብዬ፣ እንደገና ስንበረከክ ከረምኩ። መጀመሪያ ጭኔ ቁልቁለት መውረድ እስኪያቅተኝ ያመኝ ነበር፤ በኋላ ግን ማመሙን ተወ። አባቴ ከዳዊታቸው ላይ ቀና እያሉ ይቆጥሩልኝ ነበር። አንድ ማለዳ አርባው አልቆ ቁጭ ስል፣

«ያን ቦታ ትወጂዋለሽ?» አሉኝ።

ራሴን ነቀነቅሁ።

«በአፍሽ።»

«እወደዋለሁ፣ አባዬ።»

ዳዊታቸውን አጥፈው ተነሱ። ፋሲካ አልፎ ሁለተኛዋ ቅዳሜ ስትደርስ ግን መቋሚያቸውን ይዘው፣ እኔን አስከትለው አዳራሹ ገቡ።

«አንተ ልጅ፣ እነዚህን ለማን ነው የምታሰግዳቸው?»

«ኧረ ሰላምታ ነው፣ መሪጌታ። ስግደት አይደለም» አለ አስር አለቃ።

«ሰላምታ ፊት ለቆመ ነው። ፊታቸው የቆመው ማነው?»

አስር አለቃ ዞሮ ግድግዳውን አየ። ከኋላ አንዱ ልጅ «የመሃለኛው ጺም የመሪጌታን ያስንቃል» ሲል ሰማሁ፤ አባቴም ሳይሰሙ አልቀሩም።

«ወደ ምሥራቅ ላዙራቸው ይሆን?» አለ አስር አለቃ።

«ጀርባቸውን ለስዕሉ ሰጥተው? ነገ አንተም እኔም ልንጠየቅ?»

አባቴ በመቋሚያቸው ጫፍ የአፈሩ ወለል ላይ ሁለት መስመር አሰመሩ። «እኛ ማኅሌት ስንቆም ግራና ቀኝ ሆነን ፊት ለፊት እንተያያለን። እንዲሁ አቁማቸው። ሰው ለሰው አንገቱን ቢደፋ ነውር የለውም።» ከዚያ ወደ እኔ ዞረው «ግቢ» አሉኝ።

ገባሁ። ያን ቀን ጉልበቴን አጥፌ ስቆም እግሬ አልተንቀጠቀጠም። አስር አለቃ ትከሻዬን ተጭኖ ቢሞክረኝ አልወረድኩም። «ይኼን ደግሞ የት ተማርሽው?» ሲለኝ ወደ አባቴ ዞር አልኩ፤ በሩ ላይ ቆመው ጺማቸውን ያሻሹ ነበር።

በሚቀጥለው ክረምት ጦርነቱ ወደ እኛ ሲቀርብ፣ አስር አለቃን ከነአንካሳ እግሩ አዲስ ምልምል እንዲያሠለጥን ወሰዱት። ሲሄድ «እስክመለስ አንቺ ቁጠሪላቸው» አለኝ። አልተመለሰም። ትልልቆቹ ወንዶች እንዳይታፈሱ ወደ ገጠር ሸሹ፣ ትንንሾቹም አንድ በአንድ ቀሩ፣ የእኔም ትምህርት ስድስተኛ ላይ ቆመ፤ በመጨረሻ ከሦስት ሴት ልጆች ጋር ብቻ ቀርቼ፣ ከጥርሴ በማያልፍ ድምፅ እቆጥርላቸው ነበር። አስተማሪ የሆንኩት እንዲህ ነው፤ የሾመኝ የለም።

ዛሬም አዳራሹ ያው ነው። ስዕሎቹ ወርደዋል፣ የነበሩበት ቦታ ብቻ ከቀረው ግድግዳ ነጣ ብሎ ይታያል። አባቴ ዐርፈዋል። ሰባት ሴት ተማሪዎች አሉኝ፤ ቅዳሜ እጥበቱን ስጨርስ አባቴ እንዳሉት ግራና ቀኝ አቁሜ አስተምራቸዋለሁ። ያኔ አንዴ ጎንበስ ብዬ የአንድ ጾም ቀኖና ተቀበልኩ፤ አሁን ሳምንቱን ሙሉ ለእንግዳ አንሶላ ጎንብሼ እውላለሁ፣ አይቶ ለማንም የሚናገር የለም። ወገቤ ቅዳሜ ሲደርስ ይዝላል፣ አንዴ ካጎነበስኩ ቶሎ አልቃናም። ልጆቹ ይህን አውቀዋል። እጅ ስንነሳ ከእኔ ቀድማ ቀና የምትል የለችም፤ አንገታቸውን እንደደፉ ይጠብቁኛል።