ከዶፉ በኋላ የመጣ ኦይስተር

በቴክሳስ የጋርላንድ ከተማ ነዋሪ የሆነው ሾፌር ጋሽ አሻግሬ ኦይስተር የሚባለውን ባለ ዛጎል የባሕር እንስሳ ከአንድ ትንሽ የባሕር ዳርቻ እርሻ እየጫነ በአጎራባቹ የፕሌኖ ከተማ ላለ ሬስቶራንት ያደርሳል። ሃይማኖቱ ስለማይፈቅድ አንድም ቀን በልቶት አያውቅም።

ሐሙስ ዕለት ሼፏ ሳሮን አንዱን ቀምሳ ፊቷን ቅጭም አደረገች። «ጋሼ፣ ጨዉ የት ሄደ? ይሄ የሌላ ቦታ ነው፤ አልረከብም!»

አሻግሬ ደነገጠ። ይዞት ቢመለስ ኦይስተሩ መንገድ ላይ ይሞታል፤ የገበሬው ልፋት ገደል ሊገባ ነው።

«የዚያው ነው ልጄ። ሰኞ ዶፍ ዘንቦ ጎርፉ ባሕሩ ውስጥ ገባ። ኦይስተር የጠጣውን ውሃ ነው የሚመስለው፤ ዛሬ ጨው አንሶት ጣፈጥ ይላል።»

«ሳይበሉ በምን አወቁ?»

«ስጭን የባሕሩን ውሃ በጣቴ ቀመስኩት። ውሃ ምንጊዜም የጾም ነው!»

ሳሮን ደግማ ቀመሰች፤ እውነትም ጣፈጥ አላት። «በሉ ያውርዱት» አለች እየሳቀች፤ «ከእንግዲህ ቀማሼ እርስዎ ነዎት።»